ከፍተው የሰፉት ጉልበት

ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ ሻንጣ ሲከፈት ከላይ ቸኮሌት፣ ከጎን ጫማ፣ መሀል ላይ ደግሞ ትልልቅ የክኒን ብልቃጥ ይወጣል። ግማሹ ቫይታሚን ነው። ግማሹ ግሉኮሳሚን፣ ለመገጣጠሚያ ይረዳል ተብሎ የሚሸጥ ማሟያ። «ይሄ የእማዬ ነው፤ ለጉልበቷ» ይባላል። እማዬም ብልቃጡን አገላብጣ ታየዋለች። የተጻፈው አይገባትም። ቢሆንም ራስጌዋ፣ ከጸሎት መጽሐፏ ጎን ታስቀምጠዋለች።

እህቴ የምትኖረው ቨርጂኒያ ነው። ግሉኮሳሚን መላክ የጀመረችው እማዬ ደረጃ ስትወርድ በጎን መሄድ ከጀመረች ወዲህ ነው። አልፈርድባትም፤ ሩቅ ያለ ልጅ ፍቅሩን በሻንጣ ነው የሚልከው። እኔ ደግሞ ሐኪም ባልሆንም የሕክምና ጥናት የማንበብ አመል አለብኝ። በ2006 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የታተመ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት አገኘሁ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው 1,583 ሰዎች ገብተውበታል። ገሚሶቹ ግሉኮሳሚን፣ ገሚሶቹ ኮንድሮይቲን የሚባል መሰል ማሟያ፣ ገሚሶቹ ሁለቱንም፣ ገሚሶቹ የታወቀ የሕመም ማስታገሻ፣ ሌሎቹ ደግሞ ምንም የሌለበት ባዶ ክኒን ለ24 ሳምንት ዋጡ። በጥቅሉ ሲታይ ግሉኮሳሚኑ ከባዶው ክኒን የረባ ብልጫ አላሳየም። ይህን ለእህቴ ስነግራት «ታዲያ ምን ይጎዳታል?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ከኪስ በቀር ብዙም የሚጎዳ የለም።

ክኒኑን እንለፈው። እኔን ያስገረመኝ ኦፕራሲዮኑ ነው።

የእማዬ ጉልበት ባንድ ቀን አልታመመም። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። መጀመሪያ ያማት የነበረው ስትወርድ ብቻ ነው። ቀጥሎ ጠዋት ከአልጋ ስትነሳ ድርቅ ማለት መጣ። ከዚያ ቡና አፍልታ ስትጨርስ ከበርጩማው ለመነሳት «እስቲ ያዘኝ» ማለት ጀመረች። ያልተሞከረ ነገር የለም። ቪክስ ተቀብቷል። ወጌሻ መጥቶ አሽቷታል። ጸበል ተጠጥቷል፣ እምነት ተቀብቷል። ፋርማሲ ሄዳ ያለ ማዘዣ ዲክሎፌናክ እየገዛች ስትውጥ ከርማ ጨጓራዋ ተነሳባት። ይሄ የመጨረሻው እንኳ ቀልድ አይደለም። ዲክሎፌናክ ሕመም ያስታግሳል፤ ግን ሳይቆጣጠሩት ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ጨጓራ ያደማል፣ ኩላሊት ይጎዳል። በየሰፈሩ እንደ ከረሜላ የሚሸጠው ነገር ያስፈራኛል።

በመጨረሻ የአጥንት ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ወጣት ነው፤ ትሑት። ጉልበቷን አጠፈ፣ ዘረጋ፣ መዳፉን አሳርፎ ሲንቋቋ አዳመጠ። ራጁን መብራት ላይ ሰቅሎ አሳየን። «እማማ፣ መገጣጠሚያዎ እየሳሳ ነው። በዕድሜ የሚመጣ ነገር ነው። አሁን ኦፕራሲዮን አያስፈልግዎትም። ፊዚዮቴራፒ እጽፍልዎታለሁ። ትንሽ ኪሎ ቢቀንሱም ጥሩ ነው» አላት።

እማዬ አክብራ አመሰገነችው። ኮሪደር ላይ ስንደርስ ግን ፈነዳች።

«ምንም አላደረገልኝም እኮ!»

«ነገረሽ አይደል እንዴ?»

«ምን ነገረኝ? ይሄን ሁሉ ብር ከፍዬ፣ እግርሽን አንሺ አውርጂ?»

ወሬው ለቡና ከተሰበሰቡት ጎረቤቶች ደረሰ። እነሱም ከእማዬ ጎን ቆሙ። አንዷ «መርፌ እንኳን አልወጋሽም?» አለች፤ እሷን ሌላ ቦታ ወዲያው ነው የወጓት፤ ወዲያው ነው የተሻላት። ሁሉም ዞር ብለው እኔን አዩኝ። ልጅ ሆኖ ለእናቱ ጥሩ ሐኪም ያልፈለገ ሰው ሆኜ ቁጭ አልኩ።

መርፌው ምን እንደሆነ አየሁ። ስቴሮይድ ነው። ለጥቂት ሳምንታት ሕመሙን ያበርዳል፤ ይሄ ሐሰት አይደለም። ግን በ2017 የወጣ የአሜሪካ ጥናት 140 ሰዎችን ለሁለት ዓመት ተከታትሏል። ገሚሶቹ በየሦስት ወሩ ስቴሮይድ፣ ገሚሶቹ በየሦስት ወሩ ጨው ውኃ ጉልበታቸው ውስጥ ተወጉ። በሁለት ዓመቱ መጨረሻ በሕመም ረገድ ልዩነት አልነበራቸውም። ስቴሮይድ የተወጉት ግን የጉልበታቸው ልም አጥንት፣ ያ የአጥንቱን ጫፍ የሚሸፍነው ለስላሳ ነገር፣ ከሌሎቹ ይበልጥ ሳስቶ ተገኘ። ይህን ለቡና ጠጪዎቹ አልነገርኩም። ጎረቤት ጋር ክረምት ከበጋ መኖር አለብኝ።

«ምንም አላደረገልኝም» የሚለው ነገር ግን አልለቅ አለኝ። ለምንድነው ሐኪም ካልወጋ፣ ካልቀደደ፣ ቢያንስ ሦስት ዓይነት ክኒን ካልጻፈ እንዳላከመን የሚሰማን? የእኛ አመል ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዓለም ሁሉ እንዲህ ነው፤ ሐኪሞቹም ጭምር። ለዚህ ማስረጃ የሚሆነኝ ሂውስተን፣ ቴክሳስ ውስጥ የተደረገ አንድ ጥናት ነው። ከአጥንት ሕክምና ታሪክ ውስጥ እንደሱ ድፍረት የሚጠይቅ ብዙ አላነበብኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አርትሮስኮፒ የሚባል የኦፕራሲዮን ዓይነት አለ። ጉልበት ላይ ትናንሽ ቀዳዳዎች ይበጃሉ፣ በአንዱ ቀጭን ካሜራ ይገባል፣ በሌላው መሣሪያ። ሐኪሙ ስክሪን እያየ ጉልበቱን በጨው ውኃ ያጥባል፣ የተቆራረጠውንና የሻከረውን ልም አጥንት ይላጫል፣ ያስተካክላል። ጥናቱ በተካሄደበት ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ለእንዲህ ዓይነቱ የጉልበት ችግር በየዓመቱ ከ650,000 በላይ ይሠራ ነበር። አንዱ 5,000 ዶላር ገደማ ያወጣል። አባዙት፤ በዓመት ከ3 ቢሊዮን ዶላር ያልፋል። ታካሚዎቹም «ተሻለን» ይሉ ነበር። እንግዲህ ሰው ተሻለኝ እያለ ማን ይጠራጠራል?

ብሩስ ሞዝሊ የሚባለው ሐኪም ተጠራጠረ። ሞዝሊ ተራ ሰው አይደለም፤ የሂውስተን ሮኬትስ የቅርጫት ኳስ ቡድን ሐኪም ነበር። ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የቀድሞ ወታደሮች በሚታከሙበት የከተማዋ ሆስፒታል ውስጥ የጉልበት ሪህ፣ ማለትም እንደ እማዬ መገጣጠሚያቸው የሳሳ፣ ያለባቸውን ሰዎች መረጠ። በሦስት ሊመድቧቸው ነው። አንደኛው ቡድን ጉልበቱ ይታጠባል፣ ይላጫል። ሁለተኛው ይታጠባል ብቻ። ሦስተኛው የይስሙላ ኦፕራሲዮን ይደረግለታል። የይስሙላ ስል፣ ቆዳው ተቆርጦ ይሰፋል፤ ጉልበቱ ውስጥ ግን ምንም አይገባም።

ይህን ለታካሚዎቹ አልደበቁም። እያንዳንዱ ሰው የይስሙላው ሊደርሰው እንደሚችል፣ ያ ከደረሰው ደግሞ ለጉልበት ሪሁ እንደማይጠቅመው ማወቁን በእጅ ጽሑፉ እንዲጽፍ ተደረገ። ከ324 ሰዎች 144ቱ «ይቅርብኝ» አሉ። እኔም ብሆን የምል ይመስለኛል። 180ዎቹ ግን ገቡበት።

አሁን ኦፕራሲዮን ክፍሉን አስቡት። ታካሚው ተኝቷል። ሞዝሊ ታጥቦ፣ ጓንት አጥልቆ ቆሟል። የትኛውን እንደሚሠራ እሱም አያውቅም። የታሸገ ፖስታ ይሰጠዋል፤ ይከፍታል። «የይስሙላ» የሚል ከሆነ ታካሚው እንቅልፍ የሚያመጣና ሕመም የሚያስታግስ መድኃኒት በደም ሥሩ ይሰጠዋል። ሞዝሊ ጉልበቱ ላይ ሦስት ቦታ አንድ አንድ ሴንቲ ሜትር ቆዳ ይቆርጣል። ከዚያ ልክ እንደ እውነተኛው መሣሪያዎቹን በየተራ ይጠራል፤ ይቀበላል። እግሩን ያጥፋል፣ ይዘረጋል። የሚታጠብ እንዲመስል ውኃ ይንቦጫረቃል፤ ታካሚው በእንቅልፍ ልቡ ቢሰማ እንኳ እንዳይጠረጥር። እውነተኛው ኦፕራሲዮን የሚወስደውን ያህል ጊዜ እዚያው ይቆያል። ከዚያ ይሰፋል። ታካሚው ያን ሌሊት ሆስፒታል ያድራል፤ የምታስታምመው ነርስም የትኛው እንደተደረገለት አታውቅም።

ሁለት ዓመት ተከታተሏቸው። ያማችኋል? ትራመዳላችሁ? ደረጃ ትወጣላችሁ? ውጤቱ በሐምሌ 2002 በእነሱ አቆጣጠር ታተመ። በሁለቱ ዓመታት ውስጥ በየትኛውም ጊዜ የታጠቡትም ሆኑ የተላጩት ቆዳቸው ብቻ ተቆርጦ ከተሰፋው ሰዎች የተሻለ አልሆኑም። በሕመምም፣ በእንቅስቃሴም። ሰዎቹም የትኛው እንደደረሳቸው መለየት አልቻሉም።

ይህን ለአንድ ጓደኛዬ ስነግረው «ይሄ እኮ ማጭበርበር ነው፤ ሰው ሳይታከም ይቀደዳል እንዴ?» ብሎ ተቆጣ። ቁጣው ይገባኛል። ግን ነገሩን ገልብጬ ሳየው ሌላ ነገር ነው የሚታየኝ። እነዚያ 180 ሰዎች «ላይጠቅምህ ይችላል» ተብለው በእጃቸው ጽፈው ገቡ። በየዓመቱ በመደበኛው መንገድ የሚቀደዱት ከ650,000 በላይ ሰዎችስ? እነሱ «ይጠቅምሃል» ተብለው ነው የገቡት። ታዲያ የበለጠ እውነት የተነገረው ለማን ነው?

ብዙ የአጥንት ሐኪሞች ጥናቱን አልወደዱትም። ታካሚዎቹ አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው፣ ሁሉንም የሠራው አንድ ሐኪም ነው ተባለ። ትክክለኛ ትችት ነው። ግን ነገሩ እዚያ አልቆመም። የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን፣ ሜዲኬር፣ ለጉልበት ሪህ ተብሎ ብቻ ለሚደረግ እጥበትና መላጨት መክፈል አቆመ። ካናዳ ውስጥ በ2008 የታተመ ሌላ ጥናት ኦፕራሲዮንና ፊዚዮቴራፒ ከፊዚዮቴራፒ ብቻ እንደማይበልጥ አገኘ። «እሺ፣ ለሪህ አይሁን፤ ሜኒስከስ ለተቀደደበት ግን ይጠቅማል» ተባለ። ሜኒስከስ በጭንና በቅልጥም አጥንት መካከል ያለች የጨረቃ ቅርጽ ያላት ትራስ ናት። ያኔ ደግሞ ፊንላንዶች መጡ። በአምስት ሆስፒታሎች፣ ከ35 እስከ 65 ዓመት የሆናቸው፣ ሜኒስከሳቸው በእርጅና የተቀደደ 146 ሰዎችን በሁለት ከፈሉ። ለገሚሶቹ የተቀደደውን ቆርጠው አወጡ፤ ለገሚሶቹ አስመሰሉ። ከዓመት በኋላ ልዩነት የለም። 2013 ላይ ታተመ። ከአምስት ዓመት በኋላ መልሰው ቢያዩም ልዩነት የለም። እንግሊዞች ደግሞ ትከሻ ላይ ተመሳሳይ ነገር ሞክረው በ2018 ተመሳሳይ መልስ አገኙ።

ታዲያ ሰዎቹ ለምን «ተሻለን» ይሉ ነበር? ውሸታቸውን አይደለም። የጉልበት ሕመም ይወጣል ይወርዳል። አንድ ወር ያስለቅሳል፣ ሌላ ወር ይረሳል። እኛ ሐኪም ቤት የምንሮጠው ጫፍ ሲደርስ ነው። ጫፍ የደረሰ ነገር ደግሞ ምንም ባይደረግለትም የመውረድ ዕድሉ ሰፊ ነው። በዚያ መሀል የተደረገ ነገር ሁሉ፣ መርፌውም፣ መቀሱም፣ ቅባቱም፣ ምስጋናውን ይወስዳል። የጎረቤታችንም «ወዲያው ተሻለኝ» ቢያንስ በከፊል ከዚህ የሚመጣ ይመስለኛል። በዚያ ላይ ተስፋ ራሱ ሕመም ያቀላል። ይሄን የሚንቅ ሰው ታሞ አያውቅም።

ሁለተኛው ነገር ፎቶው ነው። ራጅ ወይም ኤምአርአይ ታይቶ «ይኸው ተቀድዷል» ሲባል ማን ይከራከራል? ግን ማሳቹሴትስ ውስጥ ፍራሚንግሃም የምትባል ከተማ አለች። እዚያ ከነዋሪው መሀል ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 90 የሆኑ 991 ሰዎችን፣ ያማቸውም አያማቸው፣ ዝም ብለው ጉልበታቸውን በኤምአርአይ አዩ። ጥናቱ የታተመው በ2008 ነው። ሜኒስከሳቸው የተቀደደው ብዙ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ 61 በመቶዎቹ ግን ባለፈው ወር አንዳችም የጉልበት ሕመም አልነበራቸውም። ሳያውቁት ነው ይዘውት የሚዞሩት! ልም አጥንት የሕመም ነርቭ የለውም። የደም ሥርም የለውም፤ ለዚህ ነው አንዴ ካለቀ በቀላሉ የማይተካው። ሕመሙ የሚመጣው ከሥሩ ካለው አጥንት፣ መገጣጠሚያውን ከሸፈነው ስስ ሽፋን፣ ከዙሪያው ነው። ስለዚህ ፎቶው የከፋ፣ ሰውየው ደህና ሊሆን ይችላል። ተቃራኒውም አለ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ነገ አንድ ሰው «እሱ እኮ ኦፕራሲዮን አያስፈልግም ብሏል» እንዳይለኝ። ስብራት ሌላ ጉዳይ ነው። ኳስ ሲጫወት ጉልበቱ ተጠምዝዞ አልዘረጋ ያለ ወጣት ሌላ ጉዳይ ነው። ጉልበት ቀልቶ፣ ግሎ፣ ከትኩሳት ጋር ካበጠ ነገ ዛሬ የለም፤ ወዲያውኑ ሐኪም ቤት። እኔ የማወራው እንደ እማዬ በዕድሜ እያረጀ ስለሚሄደው ጉልበት ነው።

እሱ ወጣት ሐኪም የሰጠን ምክር እንግዲህ የዚህ ሁሉ ጥናት ጭማቂ ነበር። በ2017 የዓለም አቀፍ ባለሙያዎች ቡድን በአንድ የታወቀ የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ ለእንዲህ ዓይነቱ ጉልበት አርትሮስኮፒ እንዳይደረግ አጥብቆ መክሯል። የጭን ጡንቻ ማጠንከርና ኪሎ መቀነስ ግን ጥናት በተደረገባቸው ቁጥር ደግመው ደጋግመው የሚጠቅሙ ሆነው ይገኛሉ። አንድ ኪሎ የቀነሰ ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበቱ ላይ የሚያርፈው ጫና በአራት ኪሎ ገደማ ይቀንስለታል። ሐኪሙ ለ4ኛ ፎቅ ነዋሪ ከዚህ በላይ ምን ያድርግ?

በእርግጥ እማዬን ኪሎ ቀንሺ ማለት ቀላል አይደለም። እሷ ካደገችበት ሰፈር «አማረብሽ፣ ወፈርሽ» ምርቃት ነው። የከሳ ሰው ሲያገኙ «ምነው? ደህና አይደለህም?» ነው የሚባለው። እሷ ደግሞ ኪሎ ቀነሰች ተብሎ ጎረቤት ሲያዝንላት ማየት አትፈልግም። ስለዚህ ኪሎውን ለጊዜው ተውነውና ወደ ጡንቻው ዞርን።

ፊዚዮቴራፒስቷ ቀልጣፋ ልጅ ናት። መሣሪያ አላዘዘችም። ጋቢ ጠቅልላ ከእማዬ ጉልበት ሥር አደረገችና «እማማ፣ ጋቢውን ወደ ታች ይጫኑት፤ አይልቀቁ፤ እስከ አምስት ይቁጠሩ» አለቻት። እማዬ ጫነች። ከጉልበቷ በላይ ያለው የጭኗ ጡንቻ ቆዳዋ ሥር ሲወጠር በዓይን ይታያል። የቀኙ በደንብ። የግራው፣ ያ የሚያማት፣ እንደነገሩ እያንቀጠቀጠው። «አዩት? እሱ ነው የሰነፈው። ሲያምዎት አሳረፉት፤ ሲያርፍ ሰነፈ፤ ሲሰንፍ ጉልበትዎ ብቻውን ቀረ» አለች። እማዬ ግራና ቀኙን በእጇ ደጋግማ ነካካች። ከሐኪሙ ምክር፣ ከእኔ ንባብ፣ ከሂውስተን ጥናት ሁሉ ይልቅ ያሳመናት ይህ ነው፤ በገዛ ጣቷ የነካችው ልዩነት። አሁን የማታ ዜና ሲጀምር ጋቢው ይጠቀለላል። ቀጥሎ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ እጇን ሳትደገፍ መነሳት። ዜናው መጥፎ ሲሆን ትረሳዋለች፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ መጥፎ ነው።

ሕመሙ ጠፋ? አልጠፋም። ደረጃውን ግን ፊት ለፊት ትወርዳለች። ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ለእሷ ግን ገና ነው፤ ምክንያቱም የእሷ ጥያቄ ደረጃው አልነበረም።

እህቴ ከቨርጂኒያ «ለምን ሕንድ ሄዳ አትቀይረውም?» ትላለች። የጉልበት ቅየራ ማለቷ ነው። እሱ ደግሞ የይስሙላ ነገር አይደለም። የመገጣጠሚያ ቅየራ ጥሩ መሠረት የያዘው ከዳሌ ነው፤ እንግሊዛዊው ጆን ቻርንሊ በ1962። ቻርንሊ መጀመሪያ ቴፍሎን ሞክሮ ነበር፤ ያው መጥበሻ ላይ የምናውቀው። ቴፍሎኑ ቶሎ አለቀ፣ የተፈጨው ብናኝም አካባቢውን አስቆጣው። በሌላ ፕላስቲክ ሲተካው መጀመሪያ ሁለቱንም በገዛ ጭኑ ውስጥ አስገብቶ ፈተነ። ፕላስቲኩን ሰውነቱ ተቀበለው። ዛሬ ዳሌም ጉልበትም ላይ የሚገባው የዚያ ፕላስቲክ ዘር ነው። ከተቀየሩ ጉልበቶች ደግሞ ከ10 ወደ 8 የሚጠጉት 25 ዓመት ያገለግላሉ።

ዴንማርኮችም በ2015 ቅየራን ከልምምድ ጋር አወዳድረዋል። 100 ሰዎች ናቸው። ሁለቱም ቡድኖች ተሻሻሉ። የቀየሩት በጣም የበለጠ ተሻሻሉ፤ ከባድ የጤና ችግር የገጠማቸው ግን እነሱው ላይ ይበዛ ነበር። ሳይቀየርላቸው በልምምድ ከቆዩት ደግሞ አብዛኞቹ ዓመት ሞልቶም አልቀየሩም። እኔ እንደሚገባኝ ቅየራ ሌላው ሁሉ ተሞክሮ እንቅልፍና እርምጃ ሲከለክል የሚኬድበት ጥሩ መንገድ ነው። አዲስ አበባም ይሠራል። የአጥንት ሐኪሞቻችን ግን ውሏቸውን የሚበላው የመኪና አደጋና ከግንባታ ላይ የሚወድቀው ሰው ነው። ያረጀ ጉልበት ተራ ይጠብቃል።

ለክትትል ስንመለስ እማዬ ራሷ ጠየቀች።

«ዶክተር፣ ብቀየር መስገድ እችላለሁ?»

ሐኪሙ ቶሎ አልመለሰም። ጥያቄዋን እንዳከበረው ገባኝ። «እማማ፣ መራመድ፣ ደረጃ፣ እንቅልፍ፣ አዎ። መስገድ ግን ቃል አልገባልዎትም። ብዙ ሰው አዲሱን ጉልበት መሬት ላይ ማሳረፍ አይመቸውም። እስከ መጨረሻው ማጠፍም ያስቸግራል» አላት።

«እንግዲያው ይቆየኝ» አለች።

የንስሐ አባቷ ለታመመ ሰው ስግደት ግዴታ እንዳልሆነ ነግረዋታል። ታውቃለች። ግን በሕማማት ሳምንት ሰው ሁሉ ሲሰግድ አግዳሚ ላይ መቀመጥ ለእሷ ከሕመሙ ይከፋል። ያን ቀን ማታ ጥናቶቹን ደግሜ ከፈትኳቸው፤ ስለ ስግደት ምን እንደሚሉ ለማየት።

የጉልበት ጥናት የሚለካው በመጠይቅ ነው። ከሁሉ የታወቀው በ1980ዎቹ ካናዳ ውስጥ የተዘጋጀው ዎማክ የሚባለው ነው። 24 ጥያቄዎች አሉት። ካልሲ ማድረግ ይቸግርዎታል? መኪና ውስጥ መግባትና መውጣት? ገበያ መሄድ? ገላ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ መግባት? መንበርከክ አልተጠየቀም። በኋላ ስካንዲኔቪያ ላይ ተስፋፍቶ ኩስ የሚባል ረዘም ያለ መጠይቅ ወጣ። እሱ መንበርከክንም ቁጢጥ ማለትንም ይጠይቃል። ግን የት መሰላችሁ? «ስፖርትና መዝናኛ» በሚለው ክፍል ውስጥ፤ ከሩጫና ከዝላይ ጋር። የእማዬ ስግደት ስፖርት ሆኖ ቁጭ! ሳነብላት ከት ብላ ሳቀች።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ያልተጠየቀ ነገር አይለካም፤ ላልተለካ ነገር ደግሞ ሐኪሙ ቃል መግባት አይችልም። ቤጂንግ ውስጥ አረጋውያንን ያጠኑ ሰዎች የዳሌ ሪህ ከአሜሪካ ነጮች አንጻር በጣም ጥቂት፣ የሴቶች የጉልበት ሪህ ግን ከፍራሚንግሃም ሴቶች የበለጠ ሆኖ አገኙት። በወጣትነታቸው በቀን ብዙ ሰዓት ቁጢጥ ይሉ የነበሩት ላይ ይበዛል። እንግዲህ ዕድሜ ልኳን በርጩማ ላይ የተቀመጠች፣ ምጣድ ሥር ቁጢጥ ያለች፣ ውኃ በጀርባዋ ያመላለሰች፣ ስትሰግድ የኖረች ሴት ጉልበትስ? የአናጺውስ፣ ሲሰግዱ የኖሩት ኢማም ጉልበትስ? የእኛ ወጣት ተመራማሪዎች ከጥቁር አንበሳም ይሁን ከጎንደር ወይም ከጅማ የራሳችንን መጠይቅ ይዘው ቢነሱ ደስ ይለኛል። ርካሽ ነው። ላብራቶሪ አይፈልግም። እርሳስና ትዕግሥት ይበቃል።

ባለሙያ ባልሆንም እስቲ ብዬ ጥቂት ጻፍኩ። ከበርጩማ ሳይደገፉ መነሳት ምን ያህል ይቸግርዎታል? ምጣድ ሥር ተቀምጠው እንጀራ ጋግሮ መጨረስስ? ቁጢጥ ብለው መጸዳዳት? ቅዳሴ ቆሞ ማስቀደስ? መስገድና ከስግደት መነሳት? ከሊፍት አልባ ፎቅ ዘንቢል ይዞ መውረድ?

ለእማዬ አነበብኩላት። እየቆጠረች መለሰች። እንጀራው «በጣም»፣ ቅዳሴው «እንደ ቀኑ»፣ ዘንቢሉ «አንተ ምን ትሠራለህ?» አለች። ስጨርስ ፊቷን ኮስተር አደረገችብኝ።

«የታክሲውን ረሳኸው። የሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ አራተኛ ሆኜ ስጠቀጠቅ ጉልበቴ አፌ ድረስ ይመጣል። እሱን ቁጥር አንድ አድርገህ ጻፍ።»